ትንሿ ራዲያተርና የኮረም መንገድ

የመኪናውን ቁልፍ ካስረከብሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እግሬ ግን ገና አልሰማም። ጎህ ሲቀድ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሳለሁ፣ ቀኝ እግሬ ብርድ ልብሱን ቀስ አድርጎ ይገፋል፤ ነዳጅ መስጠቱ ነው። ባለቤቴ ስንዱ ወዴት ልትሄድ ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሳልነቃ ወደ ኮረም ብዬ እንደምመልስላት ነግራኛለች። እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ሕልሙን ነው፤ መኪናው ያለ ድምፅ በጉም ውስጥ ይንሳፈፋል፣ መንገዱም ገደሉም አይታይም፣ ከእግሬ ሥር ግን ለብ ያለ አየር ይወጣል። ከኋላዬ ሰዎች ተኝተዋል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ዞሬ ግን አላያቸውም።

ጡረታ ስወጣ ጸሐፊው የሥራ ዘመኔን በአንድ ገጽ አጠቃለለው፤ የት እንደ ተቀጠርሁ፣ ወዴት እንደ ተዛወርሁ፣ ደመወዜ መቼ ከፍ እንዳለ። ገጹ ስሕተት የለበትም። አንብቤ ፈረምሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ከገጹ የጎደለው ነገር መንገዱን ሙሉ አብሮኝ መጣ። አሁን የምጽፈው እሱን ነው። ስላለፉት ሁለት ክፉ ዓመታት፣ እህል ጭነን ስለወጣንበት፣ ሰው ጭነን ስለወረድንበት ጊዜ እዚህ አላነሣም፤ ቁስሉ ገና አልጠገገልኝም።

የተወለድሁት ሰቆጣ ነው። አባቴ የደብር አገልጋይ ስለነበሩ እኔንም ለድቁና ነበር ያሰቡኝ፤ ዳዊት እስክደግም ድረስ ተምሬአለሁ። ጣሊያን ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግን ኮረም አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተከፍቶ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ስንቄን ይዤ በእግሬ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጠና ያለ ሰው ከጭነት መኪና ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ፣ መኪናውን ዝም ብሎ ሲያይ ነው። የታመመ መስሎኝ ጠጋ አልሁና በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ሰላም አልሁት። በኽምጣንጋ መለሰልኝ። ቆይ፣ ገና እያየሁት ነው አለኝ። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርሁ። ምን እንደማይ አላውቅም ነበር። ሥራዬ የተጀመረው እንዲያ ነው።

ሰውዬው አያ ወልዴ ነበሩ፣ የካምፑ ዋና መካኒክ። የአበርገሌ ሰው ናቸው። በጣሊያኖች ጋራዥ ወለል በመጥረግ ገብተው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራቸው፣ በዓይናቸው ነው ሙያውን የወሰዱት። የቆላ ልጅ ስለሆኑ ብርድ አይወዱም፤ በሐምሌ ሁለት ጋቢ ደራርበው ነበር ብሎን የሚፈቱት። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬአቸው ሠራሁ፤ ግማሹን ኮረም፣ ግማሹን ደሴ።

የእሳቸውን አሠራር ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይረጋል። መኪና ሳያዩ አይነኩም። ብሎን ሲፈቱ አይናገሩም፤ ፈትተው ዕቃውን ካወረዱ በኋላ እያንዳንዱን ብሎን በራሱ ቀዳዳ መልሰው ሁለት ዙር ያስገቡታል፤ እንዲህ ከሆነ ቦታውን አይረሳም፣ እኔም አልረሳውም ይላሉ። የጋለ ብረት በመዳፋቸው አይነኩም፤ የእጃቸውን ጀርባ ነው የሚያስጠጉ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። አንድ ሥራ ሲያበቃ አለቀ አይሉም። "ለዛሬ ይበቃዋል" ነው የሚሉት። ከዚያ ሁላችንም መሪው ላይ ለመቀመጥ ስንሻማ፣ እሳቸው ከኋላ ሄደው ተሳፋሪው ቦታ ላይ ይቀመጡና ንዱኝ ይሉናል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ደሴ ሳለን አንድ ባለሥልጣን አሮጊት እናታቸው የሚሄዱበትን መኪና ላኩልን። ሞተሩ ደኅና፣ ፍሬኑ ደኅና፤ የአሮጊቷ ቅሬታ እግሬን ይበርደኛል የሚል ብቻ ነበር። አያ ወልዴ ለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ መደቡ። ማሞቂያ ማለት ቀላል ነገር ነው፤ ሞተሩን ያቀዘቀዘው የፈላ ውኃ በጎማ ቱቦ ወደ ጋቢናው ይመጣና፣ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ሥር በሣጥን ውስጥ በተቀመጠች አንዲት ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ከኋላዋ ማራገቢያ አለ፤ እሱ ሙቀቱን ወደ ሰው ይነፋዋል። ቀላል ነው፤ ግን እሷን ለማውጣት ሰሌዳው በሙሉ መውረድ አለበት። እኔ አጉረመረምሁ። የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ለአንዲት አሮጊት እግር ሁለት ቀን ይጥፋ ወይ አልሁ። የጋራዡ አለቃ፣ ከመኪና ይልቅ ወረቀት የሚወዱት፣ እሳቸውም እንደኔ ነበር ያሰቡ። አያ ወልዴ አልተቆጡም። በማግስቱ ጧት መኪናውን ራሳቸው እየነዱ እኔን ከኋላ አስቀምጠው ከደሴ በላይ ወዳለው ብርዳም ጋራ ወጡ። ማሞቂያው አይሠራም። ስንመለስ ጣቶቼ ካቻቢቴ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ያን ጊዜ፣ "መኪና ለሞተሩ ሲባል አልተሠራም፤ ለተቀመጠበት ሰው ነው" አሉኝ። የተቀደደችውን ትንሽ ራዲያተር በስታኞ፣ በሚቀልጠው የብየዳ ብረት፣ መበየድ ያስተማሩኝም ያን ዕለት ነው። በሚገባ ተማርሁት። ይህን የምጽፈው አላውቅም ነበር ማለት እንደማልችል እንዲታወቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ለአገሬ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ መኪና ተሰጠውና ሹፌርም መካኒክም ሆኜ ተመለስሁ። አያ ወልዴ በዚያው ሰሞን ሥራ ትተው ወደ አበርገሌ ወረዱ። መኪናው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ከኋላ ሁለት ረጃጅም ወንበር ያለው፣ ማሞቂያውም የሚሠራ ነበር። የከተማው ሰው ማሞቂያውን የመኪናው ትንፋሽ ይለው ነበር። ደጋውን ስንወጣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ትንፋሹ ያስጠጓቸው ነበር። ስንዱን ያገባሁት እነዚያን ዓመታት ነው። ሞያዋ ስፌት ነው፤ አክርማ ከእጇ አይለይም።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

በኅዳር ወር ከአምደወርቅ ስመለስ ከፍታው ላይ ጎማ ፈነዳብኝና እዚያው አደርሁ። ውርጭ እንደሚወርድ ስለማውቅ የራዲያተሩን ውኃ አፈሰስሁ። ጧት ውኃ ሞልቼ ተነሣሁ፤ ሁሉም ደኅና ነበር። ሰቆጣ ስደርስ ግን መስተዋቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፣ ከተሳፋሪው እግር ሥርም ሞቅ ያለ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ትንሿ ራዲያተር ተቀድዳለች። ከሞተሩ በኩል ሁለቱን ቱቦዎች ነቅዬ እርስ በርሳቸው አገናኘኋቸውና ውኃው ወደ ጋቢናው እንዳይመጣ አደረግሁ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሞተሩ ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም በብልሃቴ ደስ አለኝ። ለመለዋወጫው ወደ ደሴ ጻፍሁ። መልስ አልመጣም። አውርጄ ልበይዳት እችል ነበር፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው፣ ሰሌዳው ይወርዳል፣ ጀርባ ይታጠፋል። ነገ ሳምንት እያልሁ ቆየሁ። የጣቢያው ድሬሰር፣ በሽተኛ የሚያክመው፣ ማሞቂያው ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቀኝ መኪናው ያለ እሱም ይሄዳል አልሁት።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ድሬሰሩ አስጠራኝ። የቄስ አድማሱ ሚስት አዛለች በሰባት ወሯ ወልዳ ነበር። ልጁ ወንድ ነው፣ ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም፣ ግን ይተነፍሳል። ደሴ ሆስፒታል መድረስ ነበረበት። ድሬሰሩ ሌላ በሽተኛ ይዞ ስለነበር ሊከተለን አልቻለም። ልጁን በእናቱ ደረት ላይ አድርጎ በጥጥና በጋቢ ሸፍኖ ለቄሱ ሲያስረዳ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከወተቱም ከመድኃኒቱም በፊት ሙቀት ነው፤ እንዳይበርደው ብቻ፤ አለ። ያን ጊዜ ማሞቂያው ትዝ አለኝ። መናገር እችል ነበር። ድንጋይ በእሳት አግለን በጨርቅ ጠቅልለን እንያዝ ማለት እችል ነበር። ዝም አልሁ። ፈጥኜ ካደረስኋቸው ይበቃል ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

ያን ጧት የነዳሁትን ያህል ነድቼ አላውቅም። ሸለቆዎቹ ጉም ሞልተው ወተት የተኛባቸው ይመስሉ ነበር፤ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ከላዩ ብቅ ብቅ ብሎ ቀልቷል። ጥድፊያው ራሱ አፈዘዘኝ። ቄስ አድማሱ በቀስታ ይጸልያሉ፣ ሞተሩ ያንጎራጉራል፣ መስተዋቱ ጥግ ጥጉን ውርጭ ይዟል። የመጨረሻውን ከፍታ ስንይዝ አዛለች ከኋላ፣ "ቀዘቀዘብኝ" አለች።

እኔ በረደኝ ያለች መሰለኝ። ካፖርቴን በአንድ እጄ አውልቄ ወደ ኋላ አቀበልሁና ትንሽ ነው የቀረን፣ አይዞሽ አልኋት። ካፖርቱን አልተቀበለችም። ደግማም አልተናገረችም። ኮረም ስንደርስ ቄስ አድማሱ ትከሻዬን ነክተው፣ "መፍጠኑ ይቅር፣ ታምሩ። ወደ ቤታችን መልሰን" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ያለችው የገባኝ። ስለ ልጁ ነበር የነገረችኝ።

በመመለሻው ማንም ማንንም አልወቀሰም። ድሬሰሩ በሙቀትም ቢሆን ላይተርፍ ይችል ነበር አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ምናልባት ራሴ ከእጃቸው የነጠቅኋቸው መሰለኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ እነዳለሁ፣ የሰው ድምፅ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ነበር የሚሰማኝ። ለስንዱ ነገርኋት። ስፌቷን አስቀመጠችና፣ "ለእኔ ብትነግረኝ ምን አደርግልሃለሁ? ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ሂድና ንገር" አለችኝ።

ፈቃድ ጠይቄ ወደ አበርገሌ በእግሬ ወረድሁ። ከደጋው ቁልቁል ስወርድ ብርዱ በየመታጠፊያው እንደ ልብስ ይወልቃል፤ ታች ተከዜ በኩል አየሩ ራሱ በሙቀት ይርገበገባል፣ ማሽላው፣ ፍየሉ፣ ሰዉ ሁሉ በሕልም የሚታይ ይመስላል። አያ ወልዴ ከቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ያለ ጋቢ ሳያቸውም የመጀመሪያዬ ነበር። ሁሉን ነገርኋቸው። ልጁን፣ ቱቦዎቹን፣ ዝምታዬን። የሚያጽናና ነገር ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቱቦውን ካገናኘህ በኋላ ከኋላ ተቀምጠህ ደጋውን ወጥተህ ታውቃለህ? አሉኝ። አላውቅም አልሁ። በቅሎ እንድፈልግላቸው አዘዙኝ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ብርድ፣ ከእኔ ጋር ሰቆጣ ወጡ።

መለዋወጫ እንደሌለ ስነግራቸው ከድሮው የኮረም ካምፕ አጠገብ ሣር የዋጠው አንድ አሮጌ መኪና እንዳለ አስታወሱ። ሄደን ትንሿን ራዲያተር አወጣናት። ውስጧ የሸረሪት ድርና አቧራ ሞልቶታል፣ መዳቡ ግን ጤነኛ ነው።

ሥራውን የሠራነው እኔ ቤት ነው፣ ከግቢዬ ወይራ ሥር። ጤና ጣቢያው ጋራዥ አልነበረውም። አያ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ግማሽ ቀን ተቀምጠው አዩት። እኔ መሪውን፣ ሰሌዳውን፣ የሽቦዎቹን እሽግ፣ የአየር መዝጊያውን ገመድ አንድ በአንድ አወረድሁ። ወደ ቀዳዳቸው የማይመለሱት ብሎኖች በዝተው ስለነበር ስንዱ አንድ ሰፌድ አመጣችና በከሰል የሰሌዳውን መልክ ሳለችበት፤ የፈታሁትን ሁሉ በሥዕሉ ላይ በየቦታው አስቀመጠችው። አያ ወልዴ ሰፌዱን ትክ ብለው አይተው በትግርኛ "ጽቡቅ"፣ ጥሩ ነው፣ አሏት። ለእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ነው ያሉኝ።

ሣጥኑን ከፍቼ የተቀደደችውን ሳወጣት አያ ወልዴ ተቀብለው በጣታቸው ዳበሷት። ስንጥቁ ከታች በኩል ነበር፤ አንዱ ቀጭን ቱቦ በርዝመቱ ተተርትሯል፣ ከንፈሮቹም ወደ ውጭ ተገልብጠዋል። ዝገት እንዲህ አይቀድም አሉ። ከዚያ ውርጭ ላይ አድረህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ግን ውኃውን አፍስሻለሁ አልሁ። "ትልቁን አፈሰስህ። ትንሿ ግን ከማፍሰሻው ቧንቧ በታች ናት፤ የእሷ ውኃ አልወረደም" አሉኝ። ያቆሰልኋትም እኔ፣ ሳልጠግናት የተውኋትም እኔ። አያ ወልዴ ካቻቢቴውን አነሡና በእጄ አስያዙኝ።

የመጣችው ራዲያተር ከእኛዋ በሁለት ጣት ትሰፋለች፣ አንዱ አፏም በተቃራኒው በኩል ነው። የሣጥኑን ላሜራ ቆርጬ አሰፋሁት። አፉን ለማዞር ከብር ሠሪ ቤት ወናፍ ተዋስን፤ መበየጃውን ብረት በፍም አግለን፣ መዳቡን በአሲድ አጥበን፣ የታጠፈ ቁራጭ ቱቦ በስታኞ በየድሁበት። ስታኞ ሲቀልጥ እንደ ጤዛ ይንከባለላል፤ ቦታው ንጹሕ ከሆነ በድንገት ይዘረጋና ራሱ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ብረቱን ላቀብላቸው ብሞክር አልተቀበሉኝም። ከዚያ በስንዱ ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክረናት አንዱን አፍ በጣቴ ደፍኜ በሌላው ነፋሁ። አንዲት አረፋ፣ ቆየት ብላ ሌላ። አድርቄ እንደገና በየድሁ። አሁን አረፋ የለም። አያ ወልዴ ግን በቃ አላሉም። የፈላ ውኃ ሞሉባት፤ በቀዝቃዛ የተዘጋ በሙቅ ይከፈታል አሉ። አንዲት ጠብታ እስክትመጣ ጠበቅን። አልመጣችም።

ሌላ ነገርም ነበር። በራዲያተሯና በሣጥኑ መካከል ክፍተት ካለ አየሩ በጎን አምልጦ ሳይሞቅ ይወጣል። የድሮው መድፈኛ በስብሶ ነበር። ስንዱ ሳትጠየቅ ከቤት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ አወጣችና በመቀስ እየቆረጠች በጠርዙ ዙሪያ አለበሰችው። የእናቷ ባና ነበር።

ሰሌዳውን መልሰን፣ ውኃ ሞልተን፣ ሞተሩን ስናስነሣ የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። እኔ ተስፋ ቆረጥሁ። አያ ወልዴ ግን ጆሯቸውን ሰሌዳው ላይ ለጥፈው አዳመጡና አየር ታፍኖባታል አሉ። መኪናውን አውጥተን ከግቢው በላይ ካለው ዳገት አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገን አቆምነው፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ሞተሩን በቀስታ ስናስጮኸው ውኃው እንደሚጠጣ ከብት ጉሮሮ ተንቆረቆረ፣ ደጋግሞ አገሣ፣ ዝም አለ። የእጄን ጀርባ ወደ መውጫው አስጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም፤ ቀጥሎ እንደ ሰው ትንፋሽ፤ ቀጥሎ ሞቀ።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ አያ ወልዴ ከኋላ፣ አዛለች ከተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጠው ወደ ኮረም ከፍታ ንዳኝ አሉ። ውርጩ በሣሩ ላይ ነጭ ነው፤ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶታል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መጀመሪያ አንዱን ጋቢ፣ ከፍ ስንል ሁለተኛውን አወለቁ። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስዞር ተኝተዋል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ እጃቸው ክንብል ብሎ። ሞተሩን ሳላጠፋ ፀሐይ ጉሙን እስክትጠርገው ድረስ እዚያው ቆምሁ። ሲነቁ የት እንዳሉ ጠፍቷቸው በመስኮት ተመለከቱ፤ አበርገሌ የደረሱ መስሏቸው ነበር። ከዚያ አወቁና ለዛሬ ይበቃዋል አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቀብራቸው ወረድሁ። ያቺ ራዲያተር እኔ ቁልፍ እስካስረከብሁ ድረስ ሠርታለች፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው አፏን የነካካሁት። ውርጭ ባለበት ሳድር ከቱቦዋ ጠብታ እስኪጠፋ እነፋት ነበር። የወባ በሽተኛ፣ የተሰበረ ሰው፣ የደከሙ ሽማግሌ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ሁሉንም በዚያ መንገድ አሳልፌአለሁ። አዛለችም ከጥገናው ሦስት ዓመት በኋላ ሌላ እርግዝና ይዛ ቀኗ ሳይደርስ ሲያማት የተሳፈረችው ከእኔው መኪና ነው። ከከተማው እስከ ኮረም ድረስ ተኝታ ሄደች። ደሴ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷ ዛሬ ተማሪ ቤት ትሄዳለች። ያቺ ሴት እንዴት ከእኔ መኪና እንደ ገባች ለመናገር ግን አንድ የዘለልሁትን ነገር መጻፍ አለብኝ።

አያ ወልዴን ወደ አበርገሌ ከሸኘሁ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ መኪናውን ይዤ ወደ ቄስ አድማሱ ቤት ወጣሁ። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ነፋስ የሚመታው ጉብታ ላይ ነው። ቄሱ ደብር ነበሩ። አዛለች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ቆሜ ነገርኋት። መኪናው ማሞቂያ እንደነበረው፣ በእኔ ጥፋት እንደ ተቀደደ፣ ልጠግነው እየቻልሁ እንደ ተውሁት፣ ያን ጧት ትዝ ብሎኝ ዝም እንዳልሁ። ምንም አላስቀረሁም። እንዝርቷ አልቆመም። እኔ ስጨርስ ክሩ አለቀና ጠቀለለችው።

"አሁን ይሠራል?" አለችኝ።

ይሠራል አልኋት። ተነሥታ ወደ መኪናው ሄደች፣ የኋላውን በር ራሷ ከፈተች፣ በዚያው ቦታዋ ተቀመጠች። ሞተሩን አስነሣሁና ወርጄ ከውጭ ቆምሁ። እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ነፋሱ ይነፍሳል፣ ደመና ከጋራው ወደ እኛ ይመጣል፣ ማራገቢያው በቀስታ ያፏጫል። በኋላ ነጠላዋን ከእጇ ገፈፈችና መዳፎቿን ከጉልበቷ በላይ ዘረጋች።

"እዚህ ድረስ ይደርስ ነበር?" አለች።

"ይደርስ ነበር" አልኋት።

መዳፎቿን ሰብስባ ወደ ደረቷ አስጠጋቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማየት አልቻልሁም፤ ፊቴን ወደ ጋራው መለስሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየች አላውቅም። ደመናው ደርሶ ቤቱንም መኪናውንም እኛንም ሸፈነን፤ የሞተሩ ድምፅ ባይሰማ ኖሮ ምን ቦታ ላይ እንደ ቆምሁ አላውቅም ነበር። ሰውነቴ ደነዘዘ። ልግባ አላልሁም፤ መግባት የሚገባኝ አልመሰለኝም።

የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። አዛለች ወርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በአጠገቤ አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሳትዞር ቆመች።

"ያጥፉትና ይግቡ፣ አያ ታምሩ" አለችኝ። "ውጭው ይበርዳል።"